ሞተር ከነማስተሩ

የእኛ የመንዝ መሐል ሜዳ ሰው ደግ ነው፤ ሄዶ የተመለሰ ሰው ካገኘ ግን አይምርም። ከአዲስ አበባ ዙሪያ ከመጣን ወዲህ ወፍጮ ቤት ብሄድ፣ ቤተ ክርስቲያን ብሳለም፣ «ዘነቡ፣ እስቲ ያየሽውን አውጊን» የማይለኝ የለም። ምን አየሁ? ሞተር አየሁ። ሰው ላሊበላ ሄዶ መቅደስ ያያል፣ ባሕር ዳር ሄዶ ሐይቅ ያያል፤ እኔ ከትዳር ጓደኛዬ ጋር አገር አቋርጬ ሄጄ በናፍጣ የጠቆሩ ሦስት ሞተሮች አይቼ መጣሁ። ለእያንዳንዱ ሰው ከመድገም ብዬ አንድ ጊዜ ልጽፈው ነው።

ነገሩን የማያውቅ ካለ፣ የባለቤቴ የጌታሁን ፒካፕ ከገና በፊት ከቆላው ገበያ ሽንኩርት ጭና አቀበቱን ስትወጣ ጋለች፣ አጨሰች፣ ቀጥ አለች። ፒስተኑ ተጣብቆ ቀረ። የከተማችን መካኒክ ፈቶ አይቶ እጁን ጠራረገና «ሌላ ሞተር ፈልጉ» አለን። ያቺ ፒካፕ ናት የምታበላን። ሞተር ካልተገኘ ጌታሁን መተማ ወርዶ የሰው መኪና ሊነዳ ቃል ገብቷል፤ መተማ የወረደ ሾፌር ደግሞ ስንት ዓመት እንደሚቀር የምታውቁት ታውቁታላችሁ። እኔ ያንን አልፈልግም። አልፈልግም ብቻ ሳይሆን ፈራሁ። ስለዚህ «አብሬህ እሄዳለሁ» አልኩት። ጌታሁን ሞተር የሚገዛው በልቡ ነው፤ ድምፁ ካማረው ሌላውን አይጠይቅም፤ መጠየቁ የእኔ ሥራ ነው።

እሑድ።

አውቶቡሱ በማለዳ ተነሣ። ሁለቱን ልጆች እናቴ ጋ ትተናቸዋል። ጌታሁን ተሳፋሪ መሆን አይችልም፤ ሾፌሩ በታጠፈ ቁጥር እግሩ ፍሬን ይረግጣል፣ አቀበት በመጣ ቁጥር «ማርሽ ቀንስ እንጂ» ብሎ ለራሱ ያንሾካሹካል። ደብረ ብርሃን ምሳ በላን። ሽሮው ውሃ ነው፤ የእኛ አገር ባለ ሆቴል እንዲህ ያለ ሽሮ ቢያቀርብ ስሙ እስከ ጎረቤታችን ሞላሌ ይሰማ ነበር።

ሰንዳፋ ላይ አውቶቡሱ ቆመና ሁላችንም ወረድን። ፖሊሶች መታወቂያ አዩ፣ ሻንጣ ፈተሹ። ለምን እንደምንሄድ አንዱ ሲጠይቀን ጌታሁን «ሞተር ልገዛ» አለው። ፖሊሱ ትክ ብሎ አየውና «በዚህ ጊዜ?» አለ። በዚህ ጊዜ ማለት ምን እንደሆነ አልገባኝም። ከገና በኋላና ከጥምቀት በፊት ሞተር አይገዛም እንዴ?

ላምበረት አካባቢ አልጋ ያዝን። ቁንጫ እኛም አገር አለ፤ የእኛ ግን እንግዳ ያከብራል። የላምበረቱ እስኪነጋ አላከበረንም።

ሰኞ።

ሦስቱን ሞተሮች የጠቆመን ድሮ የጌታሁን ረዳት የነበረና አሁን አዲስ አበባ ጋራዥ የሚሠራ ልጅ ነው። አንዱ ሰበታ፣ አንዱ ቡራዩ፣ አንዱ ሱሉልታ። በካርታ ብታዩት ሦስቱም አዲስ አበባን የከበቡ ከተሞች ናቸው፤ አንዱን ከሌላው የሚያገናኝ መንገድ ግን ስለሌለ ሁልጊዜ አዲስ አበባ ተመልሶ ገብቶ እንደገና መውጣት ነው። ይሄ ራሱ ግራ አጋባኝ።

ከአየር ጤና ወደ ሰበታ በታክሲ ተሳፈርን። ሰዉ ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ ያወራል፤ አንዱን ወሬ በአንዱ ቋንቋ ጀምሮ በሌላው የሚጨርስም አለ። ኦሮምኛ አልሰማም። አንድ ቃል ግን ደጋግማ ጆሮዬ ገባች፤ ማስተር። አንዱ «ማስተሩ» ይላል፤ ሌላው «ማስተሩን አንቀበልም ብለናል» ይላል።

የሾፌር ሚስት ማስተር ምን እንደሆነ አይነገራትም። ፍሪሲዮን ሲረገጥ ዘይቱን የሚገፋው ዕቃ ነው። ላስቲኩ ካለቀ ያፈሳል፣ ካፈሰሰ ማርሽ አልገባም ይላል፣ አቀበት ላይ ከሆነ ደግሞ ጸሎት ነው። እኛን ስንት ጊዜ አሰቃይቶናል። ታዲያ አገሩ ሁሉ የማስተር ችግር ያለበት መሰለኝ። ከጎኔ ለተቀመጡት ሽማግሌ «ልክ ናችሁ አባቴ፣ አሮጌ ማስተር መቀበል የለባችሁም። ላስቲኩን ብቻ እንቀይርላችሁ ቢሏችሁም እሺ እንዳትሉ። ሙሉውን ነቅሎ መጣል ነው» አልኳቸው።

ታክሲው ጸጥ አለ። ረዳቱ ሳይቀር ዞሮ አየኝ። ሽማግሌው ቆይተው ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ከመንዝ አልኳቸው። «እንግዲህ መንዝም ደርሷል ማለት ነው» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። ከኋላ አንድ ወጣት ሳቁን መያዝ አቅቶት ፈነዳ፤ ጌታሁን ጎኔን ቆነጠጠኝ። ለምን እንደቆነጠጠኝ እሱም በደንብ አያውቅም፤ ሰው ዝም ሲል ሚስቱን መቆንጠጥ ልማዱ ነው።

ነገሩን ያስረዱን የመጀመሪያው ሞተር ባለቤት ኦቦ ደቻሳ ናቸው። ቤታቸው ከሰበታ ወጣ ብሎ ወደ ተፍኪ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ረዘም ያሉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ አዛውንት ገበሬ ናቸው፤ አማርኛቸው ከእኔ ይሻላል። ማስተር የሚባለው ማስተር ፕላን ነው አሉን። አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያሉትን ከተሞች በአንድ ፕላን የሚያደርግ፤ ገበሬው መሬታችን ይወሰዳል ብሎ የተነሣበት። ለካ በሬዲዮ የሰማነው እሱ ነው። በሬዲዮ ሲሰማ ሩቅ ነበር፤ እዚህ የኦቦ ደቻሳ የጤፍ ማሳ በአጥሩ ቀዳዳ ይታየኛል። ለምን ሞተሩን እንደሚሸጡ ስጠይቃቸው «መሬት ከሌለ ላም የለም። ላም ከሌለ ወተት የለም። ወተት ከሌለ መኪና ምን ይሠራል?» አሉኝ። በቂ መልስ ነበር።

ሞተሩ አሁንም አሮጌ ፒካፕ ላይ ተቀምጧል። ቦዲው በዝገት ተበልቷል፤ የሚሸጠው ሞተሩ ብቻ ነው። ሁለት ነጥብ ስምንት ሊትር፣ ናፍጣ፣ ቱርቦ የሌለው፣ ኤሌክትሪክ የሚባል ነገር ከመነሻው በቀር የማያውቅ። እኛ ገና ውሃ ሳንጠጣ ኦቦ ደቻሳ አሁኑኑ እንሞክረው ብለው አጣደፉን። ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ ለቅሶ ሄደዋል፣ ሳይመለሱ እንጨርስ አሉ። የሚስት መመለስ ከሞተር ጋር ምን አገናኘው ብዬ ተገረምኩ፤ የሰው ቤት ነውና አልጠየቅሁም።

ጉልበቱን ልንፈትን ጥቁር ድንጋይ ጭነን ከመንደሩ በላይ ወዳለው ተራራ ወሰድነው። ጌታሁን ነዳ፣ እኔ ጋቢና ነበርኩ። ቀርፋፋ ነው። በእግሩ የሚሄድ ሰው «አካም» ብሎ ሰላም ብሎን፣ እኛ «ፈያ» እስክንለው ድረስ ገና አጠገቡ ነን። ግን አይቆምም። በሁለተኛ ማርሽ ገባ፣ በሁለተኛ ማርሽ ወጣ፤ የሙቀቱ መርፌ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ጌታሁን ፊቱን አኮሳተረ። እኔ ግን ወደድኩት። ይሄ የተበላሸ እንደሆነ በመፍቻና በመዶሻ የሚሠራ ሰው መሐል ሜዳ ውስጥ አራት አሉ።

ኦቦ ደቻሳ ሌሎቹንም አይታችሁ ወስኑ አሉ፤ ማደሪያችሁ ግን እዚህ ነው ብለው ሻንጣችንን ራሳቸው ተሸክመው አስገቡት። አዴ ጫልቱ ሲመሽ መጡ። ጎመን በአይብ አቀረቡልን፣ ከዚያ ወተት፣ ከዚያ እንደገና ወተት። የእኛ አገር ሰው እንግዳ ያጠግባል፤ እዚህ ግን የጠገበ ነው የሚመገበው። ያስተኙን ልጃቸው ቶሌራ በሚተኛበት ክፍል ነው። አልጋው የተነጠፈ፣ አንሶላው ገና ዛሬ የታጠበ። ልጅዎ የት ነው ብዬ ጠየቅኋቸው። «ይመጣል» አሉ። አዲስ አበባ ሥራ ላይ ነው ብዬ ገመትኩና መጥቶ አልጋውን እንዳያጣ ተሳቅቄ ተኛሁ።

ማክሰኞ።

ጠዋት በቅቤ የራሰ ጨጨብሳ በልተን ወደ ቡራዩ ሄድን። ባለ ሞተሩ አቶ ከድር ይባላሉ። አባታቸው ከስልጤ መጥተው ቡራዩ የሰፈሩ፣ እሳቸው እዚያው ተወልደው በሦስት ቋንቋ መለዋወጫ የሚሸጡ ነጋዴ ናቸው። ሞተሩ መሬት ላይ በብረት ተደግፎ ቆሟል፤ በጎኑ የናፍጣ ጄሪካን ተንጠልጥሎለታል። ሁለት ነጥብ አምስት፣ ባለ ቱርቦ።

ሲያስነሡት ዶሮዎች ተበተኑ። ጌታሁን ዐይኑ እንባ አቀረረ፤ እውነቴን ነው። «ስሚው እስቲ» አለኝ። ሰማሁት፤ የማልሰማበት ምክንያት የለም፣ መንደሩ ሁሉ እየሰማው ነው። አቶ ከድር ለማሻሻጥ አልዋሹንም። ጉልበቱን አመሰገኑ፤ ከዚያ ግን ውሃ እንዳይጎድልበት፣ ከአቀበት በኋላ ሳይቀዘቅዝ እንዳይጠፋ፣ ከጋለ የሞተሩ ክዳን፣ ቴስታታው፣ እንደሚሰነጠቅ፣ ከተሰነጠቀ ደግሞ ሌላ መግዛት እንጂ መበየድ እንደማይሆን ነገሩን። ታዲያ ይሄ ጉልበት ነው ወይስ በሽታ? የእኛ ፒካፕ የሞተችው ግላ አይደል? ሰበታ ላይ ጉልበት ማለት ሳይቆም መውጣት ነበር፤ ቡራዩ ላይ ጉልበት ማለት ቶሎ መውጣት ሆነ። አንድ ቃል ናት፤ ከከተማ ከተማ ትለዋወጣለች።

መከራው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሞተሩ የሚሸጠው ከነካምቢዮውና ከነማስተሩ ነው። ማስተሩ ግን ያፈሳል። ጌታሁን ይሄ አሮጌ ማስተር ተነቅሎ ዋጋው ይቀነስልኝ አለ፤ አቶ ከድር እምቢ አሉ። ጌታሁን ሊመካከር ፊት ለፊት ካለው ሻይ ቤት ገባና ለጠቋሚያችን ደወለ። መስመሩ ይቆራረጣል። ባሌ ደግሞ ስልክ ላይ ሲያወራ ሰውየው እንዲሰማው ሳይሆን ከተማው እንዲሰማው ነው። «ማስተሩ ካልተነቀለ አልስማማም!» አለ። «አዎ፣ ማስተሩ! ዛሬውኑ ይነቀል! አንተ ልጆቹን ሰብስብና በሰንዳፋ በኩል መኪና ይዘህ ጠብቀኝ!»

ልጆቹ የተባሉት ሞተር የሚያነሡ የቀን ሠራተኞች ናቸው። በሰንዳፋ በኩል የተባለውም ወደ አገራችን የሚወስደው መንገድ በዚያ ስለሆነ ነው። ይሄን እኔ አውቃለሁ። ሻይ ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሁለት ፖሊሶች ግን አያውቁም። ሻያቸውን አስቀምጠው ተነሡ።

ጣቢያ ወሰዱት። እኔም እየጮህኩ ተከተልኩ። መርማሪው ወጣት ነው፣ እንቅልፍ ካየ የሰነበተ ይመስላል። የትኛው ማስተር ብሎ ጠየቀው። ጌታሁን የፍሪሲዮኑ አለው። መርማሪው ፍሪሲዮን ማን እንደሆነ ጠየቀ። ሰው መሰለው! ስሙንም ሊጽፍ ብዕሩን አነሣ። እኔ ላስረዳ ስሞክር ደግሞ ትናንት ታክሲ ውስጥ ያልኩት ትዝ አለኝ፤ ሙሉውን ነቅሎ መጣል ነው ያልኩት እኔ አይደለሁ? ያኔ ነው ከልቤ የፈራሁት። ባሌን መተማ እንዳይወስድብኝ ብዬ መጥቼ ቡራዩ ላይ ልጥለው ነው። የሌሎች የታሰሩ ልጆች ድምፅ ከውስጥ ይሰማል፤ ምን እንዳደረጉ አላውቅም፣ የሚጠይቃቸውም ሰው አላየሁም።

ያዳኑን አቶ ከድር ናቸው። ሱቃቸውን ዘግተው መጡ። በእጃቸው በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል። መርማሪው ፊት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ገለጡት፤ ማስተሩ ነው፣ ዘይት እንደጠገበ። «ይኸውልህ ልጄ፣ የሚነቀለው ማስተር ይሄ ነው» አሉና እንዴት እንደሚሠራ ሊያሳዩት ዘንጉን ተጫኑት። የቆየ ጥቁር ዘይት ፊጭ ብሎ መርማሪው እጅጌ ላይ አረፈ።

መርማሪው እጅጌውን አየ፣ ማስተሩን አየ፣ ከዚያ እስኪያንቀው ሳቀ። ሌሎቹ ፖሊሶችም መጥተው አዩ። ሲለቀን አንድ ምክር ሰጠን፤ እዚህ አካባቢ ስሙን አትጥሩት፣ ሌላ ስም ስጡት። ጌታሁን ምን ልበለው ብሎ ጠየቀ። ፓምፕ በለው አለው። «ፓምፕ ሌላ ነው» አለ ባሌ። ይህን ሰው ምን ይሉታል! እጁን ጎትቼ አስወጣሁት።

ስንወጣ ወደ አስኮ የሚወስደው መንገድ በድንጋይ ተዘግቶ ጎማ ይነድ ነበር። አቶ ከድር ቤታቸው አሳደሩን። ሚስታቸው ሩዝ በሥጋ አቀረቡልን፤ የፆም ቀን እንዳይሆንብን አስቀድመው ጠየቁ፣ ሥጋውንም ከክርስቲያን ጎረቤት ነው ያስመጡት። እኔ በአገሬ እንግዳ ተቀባይ ነኝ እል ነበር፤ ከዚያን ቀን ወዲህ አፌን ሰብሰብ አድርጌያለሁ።

ረቡዕ።

መንገዱ ሲከፈት አዲስ አበባ ገብተን፣ በእንጦጦ አድርገን ሱሉልታ ወጣን። እዚያ ስደርስ አገሬ የገባሁ መሰለኝ። ብርዱ የእኛ ነው፤ የገብስ ክምሩም የእኛ ነው። ሯጮቹ ግን የእኛ አይደሉም። በመንገዱ ዳር ተሰልፈው ሽቅብ ይሮጣሉ፣ የሚያሳድዳቸው የለም። ጌታሁን በመስኮት እያየ «እነዚህ ናቸው ባለ ጉልበት፤ ውሃም አይፈልጉ፣ ናፍጣም አይፈልጉ» አለ።

ባለ ሞተሩ ናቲ የሚባል ጎረምሳ መካኒክ ነው። እኔን «ማዘር»፣ ባሌን «ፋዘር» ይለናል። የእሱ ሞተር አዲስ ዓይነት ነው፣ ናፍጣውን በኮምፒውተር እየመጠነ የሚረጭ። ንጹሕ ነው፣ እጄን ባሳርፍበት አልቆሸሸም። ከሁለቱም ይበልጣል፣ ናፍጣም ከሁለቱም ያነሰ ይጠጣል አለን። «ማዘር፣ ይሄ ሞተር እኮ ያስባል» አለኝ።

ጌታሁን አልወደደውም። «እኔ እያለሁ እሱ ምን ያስባል?» አለ።

ከተበላሸ ምን እናደርጋለን ብዬ ጠየቅሁት። ቀላል ነው አለ ናቲ፤ ገመዱን ሰክቶ በኮምፒውተር ማየት ነው፣ በሽታውን ራሱ ሞተሩ ይናገራል። አሳየን አልነው። ኮምፒውተሩን አመጣ፣ ገመዱን ሰካ። መብራት የለም። የኮምፒውተሩ ባትሪም ሞቷል። «አቦ አሁን ይመጣል» አለ። ቁጭ ብለን ጠበቅን። ሻይ ጠጣን፣ ቆሎ በላን፣ ሯጮቹ ሄደው ተመለሱ፤ መብራት አልመጣም። መሐል ሜዳ መብራት ሲሄድ ስንት ቀን እንደሚቆይ ለናቲ ነገርኩት። አንገቱን ደፋ። ልጁ ደግ ነው፣ ሻዩን ራሱ ከፈለ።

ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ተጣላን። ጌታሁን የቡራዩን ይፈልጋል፤ እስር ቤት ያስገባውን ሞተር! እኔ የሰበታውን። እሱ ድምፁን ይጠራል፤ እኔ የተቃጠለችውን ፒካፕ አነሣለሁ። እሱ ሰው ሁሉ ይቀድመኛል ይላል፤ እኔ ይቅደምህ፣ አንተ ድረስ እላለሁ። አማካሪ ነኝ ብዬ የሄድኩት ሴትዮ ከሦስት ሞተር በኋላ ከሄድኩበት የባሰ ግራ ገብቶኝ ነበር፤ እውነት ለመናገር የሰበታውን የመረጥኩት በሙሉ ልቤ አይደለም። ግን የቡራዩ መንገድ እንደገና ተዘጋ የሚል ወሬ መጣና ለእኔ ፈረደልኝ። ሰበታ ስንደርስ ከኦቦ ደቻሳ ጋር ተስማማን፤ እጅ ተመታ። ጌታሁን አኩርፎ ነው የተመታው፣ ቢሆንም ተመታ። መተማ ቀረ ብዬ ፈጣሪን አመሰገንኩ።

ሐሙስ።

ጠዋት የሚፈቱት ሰዎች መጡ፤ ጭነቱን የሚወስድልን መኪናም ታዘዘ። ኦቦ ደቻሳ አንድ ነገር ብቻ አሳሰቡ፤ ቁልፉ ሳይዞር፣ ሞተሩ ሳይነሣ ይፈታ። ጌታሁን እሺ አለ።

ሥራው ሊጀመር ሲል ከመንገዱ ማዶ ጩኸት ተሰማ። ደንግጬ ተነሣሁ፤ የደስታ ነው። አንድ ጎረቤት ሬዲዮውን እስከ አጥሩ ድረስ ይዞ መጣ። ማስተር ፕላኑ ቀርቷል ይላል። ሰዉ በሁለት ቋንቋ እየተቀባበለ ይጠያየቃል፤ አንዱ ይስቃል፣ አንዱ ውሸት ነው ይላል፣ አንዲት ሴት ደረቷን ይዛ ታለቅሳለች፤ ለምን እንደምታለቅስ የሚጠይቃት የለም።

እኔ ምን ተሰማኝ? ልናገረው። ከፋኝ። መሬቱ ካልተወሰደ ላሞቹ አሉ፣ ላሞቹ ካሉ ወተት አለ፣ ወተት ካለ ሞተሩ አይሸጥም። የሰው ደስታ በሬን ሲዘጋብኝ ታየኝ፤ ይህን በማሰቤም አፈርኩ። ጌታሁን መፍቻውን እንደያዘ አየኝ። እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም፤ ከትናንት ጀምሮ ያኮረፈበትን ሞተር አሁን እንዳይወስዱበት በሁለት እጁ ተደግፎታል።

ሄጄ ኦቦ ደቻሳን ማነጋገር የኔ ፈንታ ነበር። በሩ ላይ ቆመው ጎረቤቶቻቸውን ያዳምጣሉ። «ኦቦ፣ እንኳን ደስ አላችሁ» አልኳቸው። «አሁን ሐሳብዎን ቢቀይሩ አንቀየምም። ሞተሩ የእርስዎ ነው።»

አዩኝ። ደስ ያለው ሰው ፊት አልነበረም። «ፍቱት» አሉና ከሰዎቹ ጋር ወደ መንገዱ ወጡ።

ግራ ገባኝ። ሄጄ ለጌታሁን ይፈታ ብለዋል አልኩት። እሱ ደስ ሲለው ይረሳል፤ የተባለውን ረሳ። ዘይቱ በደንብ እንዲፈስ ሞተሩ ትንሽ መሞቅ አለበት ብሎ ጋቢና ገባና ቁልፉን አዞረ።

ሞተሩ እንደተነሣ የቤቱ በር ተከፈተ። አዴ ጫልቱ በባዶ እግራቸው ወጡ፣ እጃቸው ሊጥ እንደያዘ። እኛን አላዩም። በአጠገቤ ሮጠው አለፉ፣ የግቢውን በር ሁለቱንም ክንፍ ወለል አድርገው ከፈቱት፣ መንገዱን ግራና ቀኝ አዩ። «ዱፌ» አሉ። «ቶሌራ ዱፌ።» የቀረውን ባልሰማም ስሙን ሰምቻለሁ። ከሚፈቱት ሰዎች አንዱ አንገቱን አቀርቅሮ ነገረኝ፤ መጣ እያሉ ነው አለ፣ ቶሌራ መጣ።

መንገዱ ላይ የተሰበሰበው ሰው ወደ በሩ ዞረ። ኦቦ ደቻሳ ቀስ ብለው ተመለሱ። ሚስታቸውን አልፈው፣ ጌታሁንን አልፈው፣ በመስኮቱ እጃቸውን አስገብተው ሞተሩን አጠፉ። አዴ ጫልቱ መኪናዋ ውስጥ ማን እንዳለ አዩ። ባሌን ነው ያዩት። ከዚያ ወደ ቤት ገቡ።

ኦቦ ደቻሳ የነገሩኝ ያኔ ነው። ቶሌራ ከተፍኪ ወተት ሰብስቦ ወደ ከተማ የሚወስደው በዚህች ፒካፕ ነበር። ከገና በፊት መንገድ የተዘጋ ቀን ሄዶ አልተመለሰም። መኪናዋን መንገድ ዳር ቆማ፣ ቁልፏ እንዳለ፣ ወተቱ እንደተጫነ አገኟት፤ ነድቶ ያመጣት ሌላ ሰው ነው። ያልጠየቁበት ጣቢያ የለም። አለ የሚላቸውም፣ የለም የሚላቸውም አላገኙም።

«ማስተሩ ቀረ» አሉኝ። «ይቅር፣ ደግ ነው። እኔ ግን ይሄን ሞተር የምሸጠው ለማስተሩ አይደለም ልጄ። በተነሣ ቁጥር በር ትከፍታለች። ወስዳችሁ ሩቅ አገር አስነሡት።»

ባሌ ከጋቢና ወርዶ ራሱን ይዞ ቆመ። ሰዎቹ ዘይቱን ሙሉ በሙሉ አፈሰሱት። ሞተሩን በሰንሰለት አንሥተው ጫኑልን፤ አዴ ጫልቱ ለመንገድ ብለው ዳቦ ጠቅልለው ላኩልኝ፣ ራሳቸው ግን አልወጡም። ኦቦ ደቻሳን እጃቸውን ስሜ ተሰናበትኩ፤ በኦሮምኛ ለምስጋና የማውቃት «ገለቶማ» ብቻ ስለነበረች እሷኑ ደጋገምኩ። ስንወጣ የግቢው በር ክፍቱን ነበር፤ ከመካከላችን የዘጋው የለም።